«ፎቶዬን አንሱልኝ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ኢሜይሉ የመጣው ዓርብ ማታ ነው። «በድረ ገጻችሁ ላይ ያለው ፎቶ የኔ ነው። ያለ ፈቃዴ ነው የወጣው። ባስቸኳይ አንሱት» ይላል። የድረ ገጹ ባለቤት ጓደኛዬ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሆኖ ሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥበት፣ ቤት የሚከራይበት፣ የድግስ ምግብ የሚታዘዝበት አነስ ያለ የማስታወቂያ ገጽ ያስተዳድራል። ኢሜይሉን ያየው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ሎተሪ ደርሶዎታል» ከሚሉት መሐል ተኝቶ ነበር። ሲያገኘው ወደ እኔ ላከና «ይሄ ስፓም ነው አይደል?» አለኝ።

ስፓም አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ገጽ የኮፒራይት (የቅጂ መብት) ቅሬታ እኔ ላይ ወደቀ። ጠበቃ አይደለሁም። የምጽፈው ሥራው በየቀኑ እንዴት እንደሚሠራ ነው። መጥሪያ ከመጣ ወይም ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ጠበቃ አማክሩ።

የማወራው ስለ አሜሪካ ሕግ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁም ሊመለከታችሁ ይችላል። ገጻችሁ የአሜሪካ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚያስቀምጥ ድርጅት ሰርቨር) ላይ ከተቀመጠ ወይም ንግዳችሁ ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይ ከሆነ ቅሬታው የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሕጉ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1998 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ዲኤምሲኤ (DMCA) የሚባለው የዲጂታል ዘመን የኮፒራይት ሕግ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው። ለኛ ሥራ ዋናው ክፍል 512 ይባላል። ነገሩ ውል ይመስላል። ደንበኛ በለጠፈው ነገር እናንተ ካሳ አትከፍሉም። በምላሹ ቅሬታ ሲመጣ ሕጉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል ትሄዳላችሁ። ቅደም ተከተሉን ከዘለላችሁ ከለላው የለም።

ይህን ሥራ ስጀምር ያበላሸኝ አንድ ነገር ነው፤ ዳኛ ለመሆን መሞከር። ማን እውነት እንደተናገረ ለማጣራት ሁለት ቀን ስልክ ስደውል እከርም ነበር። ሕጉ ግን ያን ከእኔ አይጠብቅም። የሚጠብቀው እንደ ጥሩ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር እንድሆን ነው። ወረቀቱ ተሟልቷል ወይ? ቀኑ መቼ ነው? ለሌላኛው ወገን ደረሰ ወይ? በቃ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ማን ሰቀለው?

ደንበኛ ከሰቀለው ከታች የምዘረዝረው ሂደት ይሠራል። እናንተ፣ ሠራተኛችሁ ወይም ገጹን የሠራላችሁ ልጅ ከሰቀለው ግን ክፍል 512 አያድናችሁም። ከለላው የተሰጠው ሌላ ሰው ለሚሰቅለው ነገር ነው።

ይሄ ሁለተኛው ዓይነት በኛ ሰው ዘንድ ብዙ ነው። ምግብ ቤት ይከፈታል፣ ድረ ገጽ ይሠራል፣ የበያይነቱ ፎቶ ያስፈልጋል፣ ከጎግል ይወርዳል። ከሥሩም «ፎቶ፦ ከጎግል» ይጻፋል። ጎግል ፎቶ አንሺ አይደለም። ምንጭ መጥቀስም ጨዋነት ነው እንጂ ፈቃድ አይሆንም። ጊዜው ሲደርስ ከፎቶ ኤጀንሲ ወይም ከጠበቃ ደብዳቤ ይመጣል፤ ይህን ያህል ዶላር ክፈሉ የሚል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ገጹን ስክሪንሾት አንሱ፣ ከዚያ ፎቶውን ከገጹ አስወግዱ። ማስወገዱ ግን ያለፈውን አይፍቀውም፤ «አስወግደነዋል፣ አለቀ» ብላችሁ አትተኙ። ገጹን የሠራውን ሰው ፎቶውን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። አንዳንዴ ፈቃዱን ገዝቶ ደረሰኙ ኢሜይሉ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ቀጥሎ ገንዘብ ጠያቂውን የኮፒራይት ምዝገባ ቁጥር ጠይቁት። ይህቺ ጥያቄ ትልቅ ናት። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከተደረገ እስከ 150,000 ዶላር ሊፈርድ ይችላል። ይህን ካሳ ለመጠየቅ ግን ሥራው ጥሰቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ከታተመ በሦስት ወር ውስጥ የተመዘገበ መሆን አለበት። ካልሆነ ጠያቂው ትክክለኛ ኪሳራውን ወይም እናንተ ከፎቶው ያተረፋችሁትን ማስረዳት ይኖርበታል። ለአንድ የሽሮ ፎቶ ያ ብዙ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በድንጋጤ አትክፈሉ። ዝምም አትበሉ።

ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ኮፒራይት ቢሮ ሥር የኮፒራይት ክሌምስ ቦርድ የሚባል የአነስተኛ ጉዳዮች ችሎት አለ። እስከ 30,000 ዶላር የሚደርስ ጉዳይ ያያል። መጥሪያው ከደረሳችሁ በ60 ቀን ውስጥ «በዚህ ችሎት መዳኘት አልፈልግም» ብላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ቀኑ ዝም ብሎ ካለፈ ግን በሌላችሁበት ሊወሰንባችሁ ይችላል። ፖስታ አለመክፈት ልማዳችሁ ከሆነ ይህ ቦታ ውድ ያስከፍላል።

ቅሬታ ሳይመጣ የሚሠራ ሥራ

ደንበኞች የሚለጥፉበት ገጽ ካላችሁ ቅሬታ የሚቀበል ተወካይ ማስመዝገብ አለባችሁ። ኤጀንት ይሉታል። ያለ ኤጀንት ስለ ክፍል 512 ከለላ ማውራት ከንቱ ነው። ምዝገባው በኮፒራይት ቢሮው ድረ ገጽ ላይ በኢንተርኔት ይፈጸማል፣ ክፍያው 6 ዶላር ነው። አዎ፣ ስድስት። ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም፤ ስንቱ የኛ ሰው ገጽ ግን አላደረገውም።

ስትመዘግቡ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የድርጅቱን ሕጋዊ ስም ብቻ ሳይሆን ሰው የሚያውቃችሁን ሌላ ስም ሁሉ አስገቡ። ድርጅቱ በአንድ ስም ተመዝግቦ ድረ ገጹ በሌላ ስም የሚጠራ ከሆነ ሁለቱም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ኤጀንቱ የግድ የሰው ስም መሆን የለበትም፤ «የኮፒራይት ኃላፊ» የሚል የሥራ መደብም ይቻላል። የሰው ስም ጽፋችሁ ሰውየው ሥራ ከለቀቀ ቅሬታው ማንም የማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የምታስገቡት አድራሻና ስልክ ለሕዝብ ክፍት ነው። የግል ስልካችሁን አትስጡ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚደውሉት።

ምዝገባው የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። ካልታደሰ ይወድቃል። አድራሻ ቀይራችሁ ብታስተካክሉ ሦስት ዓመቱ እንደገና ከዚያ ቀን ይቆጠራል። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ፣ ከመድረሱ ሁለት ወር ቀደም አድርጋችሁ።

ያንኑ የኤጀንት መረጃ በራሳችሁ ገጽ ላይም ማውጣት ግዴታ ነው። በየገጹ ግርጌ «የቅጂ መብት ቅሬታ» የሚል ሊንክ ይኑር። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ ቅሬታ አቅራቢው ወይ መርካቶ ያለ ቀሚስ ሰፊ ወይ ኒውዮርክ ያለ ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ለቅሬታ ብቻ የሚያገለግል ኢሜይል ክፈቱ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ይየው። ጓደኛዬን የጎዳው ይህ አለመኖሩ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ፦ ስድስቱን ፈልጉ

ሙሉ የሚባል ቅሬታ ስድስት ነገር አለው፦

1. የባለመብቱ ወይም የወኪሉ ፊርማ። ኢሜይል ላይ ስምን መጻፍ ይበቃል።
2. ተጣሰብኝ የሚለው ሥራ የትኛው እንደሆነ።
3. ይነሳልኝ የሚለው ነገር የት እንዳለ፤ ሙሉ ሊንኩ ቢሆን ይመረጣል።
4. አድራሻ፣ ስልክ፣ ኢሜይል።
5. ነገሩ ያለ ባለመብቱ፣ ያለ ወኪሉ ወይም ያለ ሕግ ፈቃድ እንደዋለ በቅን ልቦና አምናለሁ የሚል ቃል።
6. የጻፍኩት ትክክል ነው የሚል ቃል፣ እንዲሁም ባለመብቱ ወይም ወኪሉ መሆኑን በሐሰት ቢምል እንደሚቀጣ አውቆ ማረጋገጡ።

ሐበሻ ለሐበሻ የሚጽፈው ቅሬታ ስድስቱን አሟልቶ አይቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ብዙውን ጊዜ «መዝሙሬን ሰርቃችሁ ለቃችኋል፣ እግዚአብሔር ይፍረድ» ይላል፤ ሊንክም የለው፣ ስልክም የለው። አትናቁት። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ቅሬታው ሥራውን፣ ቦታውንና የሰውየውን አድራሻ ከያዘ፣ የቀረው ቢጎድልም ባስቸኳይ አግኝታችሁት እንዲያሟላ መርዳት አለባችሁ። ሦስቱንም ካልያዘ ግዴታው የለባችሁም። እኔ ግን ለሁሉም እመልሳለሁ። አጭር መልስ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልን። መልእክትዎ ደርሶናል። ጉዳዩን ለማየት ሁለት ነገር ይቀረናል። ፎቶው ያለበትን ገጽ ሙሉ ሊንክ ይላኩልን። ከታች ያስቀመጥናቸውን ሁለት የማረጋገጫ ቃላትም ጨምረው በስምዎ ይፈርሙ።»

ከታች አምስተኛውንና ስድስተኛውን ቃል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስቀምጡለት። ግማሹ ይህን ሲያነብ ይጠፋል። መማል ሲመጣ ብዙ ሰው ያስባል።

ኮፒራይት ያልሆነ ቅሬታ

ሁሉም «መብቴ ተነካ» የኮፒራይት አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው ይህ ነውና።

የሠርግ ፎቶ እንውሰድ። ፎቶ አንሺው ሥራውን ለማስተዋወቅ የሙሽራዋን ፎቶ ገጹ ላይ ይለጥፋል። ሙሽራዋ «የኔ ፎቶ ነው፣ ከፍዬበታለሁ» ብላ ትጽፋለች። በአሜሪካ ሕግ በጽሑፍ ካልተላለፈላት በቀር ኮፒራይቱ በአብዛኛው የፎቶ አንሺው ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ባለመብት አይደለም። ስለዚህ ይህ የክፍል 512 ቅሬታ አይሆንም። ይሁንና የግል ሕይወት ጉዳይ ነው። እኔ ፎቶ አንሺውን እደውልለትና «እባክህ ሌላ ፎቶ ተካ» እለዋለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። እምቢ ቢልም ገጹ የእናንተ ነው፤ በራሳችሁ ደንብ ማንሳት ትችላላችሁ። የቅሬታ መዝገባችሁ ላይ ግን ምክንያቱን «ኮፒራይት» ብላችሁ አትጻፉ።

ሐበሻ ቀሚስስ? «ዲዛይኔን ሰረቁኝ» የሚል ቅሬታ በየበዓሉ ዋዜማ ይጎርፋል። የቀሚሱ አቆራረጥ በአሜሪካ ኮፒራይት አይጠበቅም። ልብስ ላይ ያለ አዲስ ሥዕልና ጌጥ ግን ሊጠበቅ እንደሚችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በስታር አትሌቲካ ጉዳይ ወስኗል፤ ክርክሩ በቺርሊደሮች (በስፖርት ሜዳ እየጨፈሩ ቡድን የሚደግፉ) የደንብ ልብስ ላይ ነበር። እናም አያት ቅድመ አያት ሲሸምኑት የኖሩት ጥለት የማንም ሊሆን አይችልም፤ አንዲት ዲዛይነር ራሷ የፈጠረችው አዲስ ጥለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ለመለየት ባለሙያ ያስፈልጋል። ደግነቱ መለየት የኛ ሥራ አይደለም። ስድስቱ ካሉ እናነሳለን።

ከሁሉ የሚበዛው ግን ቀሚሱ ሳይሆን የቀሚሱ ፎቶ ነው። አንዷ ሞዴል ከፍላ፣ ስቱዲዮ ተከራይታ ታስነሳለች። ሌላዋ ያንኑ ፎቶ ወስዳ በሃያ ዶላር ቅናሽ ትለጥፋለች። ይህ ቁርጥ ያለ የኮፒራይት ጉዳይ ነው።

የምግብ አሠራር ላይ የሚመጣው ቅሬታ ቀላል ነው። የቅመም ዝርዝር፣ ይሄን ያህል ማንኪያ በርበሬ የሚለው ብቻውን አይጠበቅም። ሰውየው አሠራሩን የተረከበት ጽሑፍና ፎቶው ግን ይጠበቃሉ። የንግድ ስምና ሎጎ ክርክር የንግድ ምልክት ሕግ ነው፣ ሌላ መንገድ አለው። ስም ማጥፋትም እንዲሁ።

ማንሳት

ሕጉ «ባፋጣኝ» ይላል እንጂ ሰዓት አይቆጥርም። እኛ ለራሳችን ሁለት የሥራ ቀን ብለን ገድበናል። ገጻችሁ የሌላ ድርጅት ሆስቲንግ ላይ ከሆነ ግን ቅሬታው ለእነሱም ሊላክ ይችላል፤ እነሱ የሚሰጧችሁ ቀነ ገደብ ከዚህ ሊያጥር ይችላል። ካለፈ ሙሉ ገጹን ይዘጉታል።

ከማንሳታችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ገጹን ከነሊንኩና ከነቀኑ ስክሪንሾት አንሱ፣ የለጠፈውን ሰው አካውንት፣ የለጠፈበትን ቀን፣ ዋናውን ፋይል አስቀምጡ። ከዚያ ፋይሉን ከሰርቨር አትሰርዙት፤ ከሕዝብ ዓይን ሰውሩት። ነገ መመለስ ሊኖርባችሁ ይችላል።

የተጠቀሰውን ብቻ አንሱ። ቅሬታው በሁለተኛው ፎቶ ላይ ከሆነ ሁለተኛው ፎቶ ይነሳ፤ ሱቁ ሙሉ አይዘጋ። በሌላ በኩል ያው ፎቶ በትንሹ ተቆርጦ የፍለጋ ውጤት ላይ፣ በሞባይል አፑ ላይ፣ በዜና ኢሜይላችሁ ማህደር ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ዋናውን ገጽ አንስቼ ትንሹ ምስል መነሻ ገጹ ላይ ለአራት ቀን ሲያበራ ነበር። ቅሬታ አቅራቢዋ በየቀኑ ስክሪንሾት ትልክልኛለች። ትክክል ነበረች።

ለለጠፈው ሰው መንገር

በዚያው ቀን ለደንበኛው ጻፉለት። ሳትነግሩት ማንሳት ሕጉም አይወደው፣ ደንበኛውም ይከፋል። እኛ የምንልከው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልን። ‹ነጭ የሐበሻ ቀሚስ› ብለው በለጠፉት ማስታወቂያ ሁለተኛው ፎቶ ላይ የቅጂ መብት ቅሬታ ስለደረሰን ፎቶውን አንስተነዋል። የቅሬታው ቅጂ ተያይዟል። የቀረው ማስታወቂያዎ እንዳለ ነው። ፎቶው የተነሳው በስሕተት ነው ብለው ካመኑ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላሉ። አቀራረቡ ከታች ተጽፏል።»

«ሰርቀዋል» የሚል ቃል የለበትም። አንፈርድም ብያለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አድርጉ። የቅሬታ ማቅረቢያ ገጻችሁ ላይ «የሚልኩት ቅሬታ ለለጠፈው ሰው ይተላለፋል» ብላችሁ ጻፉ። ስልኬን ለጠላቴ ሰጣችሁብኝ የሚል ሁለተኛ ቅሬታ እንዳይመጣ።

መቃወሚያው፣ እና አሥሩ ቀን

መቃወሚያም የራሱ መስፈርት አለው። ፊርማ። የተነሳው ነገር ምን እንደሆነና የት እንደነበር። በስሕተት ወይም ተምታቶ እንደተነሳ በቅን ልቦና እንደሚያምን፣ በሐሰት ቢምል እንደሚቀጣ አውቆ መናገሩ። ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ። በመጨረሻም በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን መስማማቱና ከቅሬታ አቅራቢው መጥሪያ እንደሚቀበል መግለጹ። ደንበኛው ከአሜሪካ ውጭ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ከሆነ፣ የሚስማማው የእናንተ ድርጅት በሚገኝበት አካባቢ ባለው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «ይቅርብኝ» ይላሉ። አትገፋፏቸው፣ አታስፈራሯቸውም። የሕጉን ቃል ብቻ ንገሯቸው።

የተሟላ መቃወሚያ ከመጣ ቅጂውን ባፋጣኝ ለቅሬታ አቅራቢው ላኩ። «በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረትዎን ካላሳወቁን እንመልሰዋለን» በሉት። ክስ ካላሳወቀ ከ10 ያላነሰ፣ ከ14 ያልበለጠ የሥራ ቀን ቆይታችሁ ትመልሱታላችሁ። መቃወሚያው ሰኞ ከደረሰ መቁጠር የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። አሥረኛው ቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለው ሰኞ ላይ ያርፋል፣ አሥራ አራተኛው የዚያው ሳምንት ዓርብ ላይ። በመሐል የአሜሪካ ፌዴራል በዓል ካለ ይገፋል። የኛ ገናና የኛ መስቀል ግን ለዚህ ሒሳብ የሥራ ቀን ናቸው። እኔ በገና ዕለት ዶሮ ወጡ እየተሠራ ላፕቶፕ ከፍቼ የአንድ ሰው ፎቶ መልሻለሁ።

እዚህ ላይ ሽማግሌ ይገባል። ደንበኛው ደውሎ «ተነጋግረናል፣ ታርቀናል፣ መልሱት» ይለኛል። ደስ ይላል፤ እርቅ ከክስ ይሻላል። ግን በስልክ አልመልስም። ቅሬታ ያቀረበው ሰው ራሱ፣ ቅሬታውን ባቀረበበት ኢሜይል «ቅሬታዬን አንስቻለሁ» ብሎ ይጻፍልኝ። አንድ መስመር ይበቃል። አንድ ጊዜ በቃል ሰምቼ መልሼ፣ በሳምንቱ «ማን ታረቀ?» የሚል ቁጣ ደርሶኛል።

ተወዳዳሪን ለመጉዳት የሚቀርብ የሐሰት ቅሬታም አለ። በዓል ሲቃረብ የሰው ሱቅ ለማዘጋት። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። አውቆ የዋሸ ቅሬታ አቅራቢ ለደረሰው ጉዳትና ለጠበቃ ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። የታወቀው ጉዳይ የፔንሲልቬንያዋ እናት የስቴፋኒ ሌንዝ ነው። በ2007 ልጇ በአሜሪካዊው ዘፋኝ በፕሪንስ ዘፈን ሲጨፍር የሚያሳይ የ29 ሰከንድ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሰቀለች። ዩኒቨርሳል ሙዚቃ አስነሳው። ነገሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ተናገረ፦ ቅሬታ አቅራቢው ቅሬታውን ከመላኩ በፊት አጠቃቀሙ «ፌር ዩዝ» (ያለ ፈቃድም ሕጉ የሚፈቅደው አጠቃቀም) ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት። ይህ ግን የላኪው ግዴታ እንጂ የእናንተ አይደለም። የእናንተ ሥራ መቃወሚያ መኖሩን ለደንበኛው መንገር ነው።

ሦስት ጊዜ የተያዘ ሰው

ከለላው ሌላም ዋጋ አለው። ደጋግሞ የሚጥስ ሰው አካውንት እንደሚዘጋ ደንብ ሊኖራችሁ ይገባል። ሕጉ ስንት ጊዜ እንደሆነ አይናገርም። እኛ ሦስት ብለናል። ደንቡን መጻፍ ቀላል ነው፤ ማስፈጸሙ ነው ጉዱ። ኮክስ የተባለው ትልቅ የኢንተርኔት አቅራቢ አሥራ ሦስት እርከን ያለው ደንብ ነበረው፣ ግን የዘጋውን ደንበኛ መልሶ ይከፍት ነበር። ቢኤምጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ከሰሰው። በ2015 ጁሪው 25 ሚሊዮን ዶላር ፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው በ2018 ያን ገንዘብ ሽሮ ጉዳዩን እንደገና እንዲታይ ቢመልሰውም፣ ደንቡን በተግባር ስላላዋለ ከለላው አይገባውም የሚለውን አጸናበት።

በኛ ቤት ችግሩ የሚመጣው ሦስተኛው ጥፋት ከብዙ ከፋይ ማስታወቂያ አስነጋሪ ላይ ሲሆን ነው። ወይም የአጎት ልጅ ሲሆን። ጓደኛዬ «እስኪ አንድ ዕድል» ሲለኝ የማሳየው መዝገቡን ነው፦ የቅሬታ ቀን፣ የተነሳበት ቀን፣ ለደንበኛው የተነገረበት ቀን፣ መቃወሚያ መጣ አልመጣ፣ ውጤት። ይዘቱ በመቃወሚያ የተመለሰበትን ወይም አቅራቢው ራሱ የተወውን ቅሬታ እንደ ጥፋት አንቆጥርም። ኤክሴል ላይ ነው የምንይዘው፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። የኮፒራይት የፍትሐ ብሔር ክስ በሦስት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ መዝገቡን ከዚያ በላይ አቆዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ገጻችሁን እየዞራችሁ የተሰረቀ ነገር የመፈለግ ግዴታ የለባችሁም። ያወቃችሁትን ግን አላወቅንም ማለት አትችሉም። በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ «ይሄ ቪዲዮ የተሰረቀ ነው ግን ተመልካች ያመጣል» ብሎ መጻፍ ማስረጃ በገዛ እጅ መስጠት ነው። በ2007 ቫያኮም የተባለው የሚዲያ ኩባንያ ዩቲዩብን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሲከስ ከመዘዛቸው ነገሮች አንዱ የዩቲዩብ ሰዎች እርስ በርስ የተጻጻፉት ኢሜይል ነበር። ጉዳዩ በ2014 በስምምነት አለቀ።

ከአሜሪካ ውጭ ላላችሁ

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው። 410 ላይ እንደ አሜሪካው ቀን የተቆጠረለት የማንሳትና የመመለስ ሂደት የለም። የደራሲ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶ ግን 25 ዓመት ብቻ ነው። ለመጠበቅ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ ላለ ገጽም ከላይ ያለውን አሠራር ብትከተሉ የሚጎዳችሁ ነገር አይታየኝም፤ ቢያንስ ማን መቼ ምን እንዳለ የተጻፈ ነገር ይኖራችኋል።

አውሮፓ ያላችሁ፣ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ደንበኛ የሚለጥፍበት ገጽ ለማንኛውም ሕገ ወጥ ይዘት፣ ኮፒራይትን ጨምሮ፣ በኢንተርኔት የሚሞላ የጥቆማ መንገድ እንዲኖረው፣ መቀበሉን እንዲያሳውቅና ላነሳበት ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ትንሽ ድርጅት ስለሆናችሁ ከአንዳንዱ ግዴታ ነፃ ብትሆኑም ከእነዚህ ነፃ አይደላችሁም።

ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። ከሌላ ኢሜይል ለራሳችሁ የኮፒራይት ቅሬታ ላኩ፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ጠዋት ማን እንዳየው፣ የት እንደገባ ተመልከቱ። የእኛ የአማርኛው ስፓም ውስጥ ገብቶ ነው የተገኘው።